ከሚጠቅምህ ልማድ ጀምር

ልጄ፣ ፍልስፍና ማንበብ እንደጀመርክ ሰማሁ። የነገሩኝ ሰዎች ግማሾቹ ሊያመሰግኑህ፣ ግማሾቹ ሊከሱህ ነው የመጡት። እናትህ፣ እድር የኋላ ቀር ሰው ነገር ነው እያልክ ለቅሶ መድረስ እንደተውክ ነገረችኝ። «ኅብረተሰቡ እስር ቤት ነው» የምትላትን ንግግርህን ደግሞ ጓደኛህ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲደግማት ሰማሁ። ካንተ አፍ ስትወጣ እንዴት እንደሆነች ባላውቅም፣ በሱ አፍ ግን አላማረችም።

አልተቆጣሁህም። እዚህ አርሲ፣ ሁሩታ ውስጥ «ስንዴ ዘንድሮ ስንት ገባ?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ የሚያነሳ ወጣት ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብቻ አንተ ልብህ ፈቃደኛ ሆኖ እጅህ ግድየለሽ ነው። መጽሐፉን ጀምረህ መሃሉ ላይ ትተወዋለህ፤ ጥያቄውን ወርውረህ መልሱን ሳትሰማ ትነሳለህ። ይህን ምክር በቁጥር የከፋፈልኩትም ለዚሁ ነው፤ ወጥ አድርጌ ብጽፈው የመጨረሻዋን መስመር አይተህ እንደምታጥፈው አውቃለሁ።

1. ከሚጠቅምህ ልማድ ጀምር። የሚጎዳውን ልማድ ማንም ይጠይቃል፤ ለዚያ ፍልስፍና አያስፈልግም፣ የተጎዳ ሰው ራሱ ይጮኻል። የሚጠቅምህን ልማድ ስትጠይቅ ነው ጠያቂነትህ የሚታየው። አንተ የቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነህ። ከውጭ ስትገባ ውሃ የምታቀርብልህ እህትህ ናት። ፈተና ሲደርስ አንተ «እያጠናሁ ነው» ብለህ በርህን ትዘጋለህ፣ እሷ ከዚያው ፈተና በፊት እንጀራ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ነው ደብተሯን የምትገልጠው። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ስታነሳ ሰምቼህ አላውቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እየሳቅህ ስትናገር ግን ሰምቼሃለሁ።

ዘርዓ ያዕቆብ የሚባለውን ፈላስፋ ስሙን ታውቀዋለህ። ስሙን ማወቅ ዛሬ ከባድ አይደለም፣ ቲክቶክም ላይ አለ። ታሪኩን ግን በደንብ ተከታተል። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ እንደሚነግረን በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ተወለደ፤ ዜማና ቅኔ ተማረ፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ፣ ከዚያም መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ ሲታመስ አንድ ነገረኛ ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ወደ ተከዜ ወርዶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የሱስንዮስ ዘመን አልፎ ፋሲለደስ ሲነግሡ ወጥቶ እንፍራዝ ገባና ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ። ማግባት ሲፈልግ እዚያ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። ጌትየው ገረድ አድርገህ ውሰዳት ሲለው፣ ገረድ አልፈልግም፣ ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። እሷንም ራሷን ፈቃዷን ጠየቃት።

ስለ እግዚአብሔር መኖር፣ ስለ ሃይማኖቶች መለያየት፣ ስለ ጾምና ስለ ምንኩስና የጠየቀው ብዙ ነው፤ ያም ታላቅ ነው። እኔ ግን አንድ ሰው ፍልስፍናው እውነት መሆኑን የማውቀው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስደርስ ነው። ወንድ ነው፣ የተማረ ነው፣ የዘመኑ ልማድ ለሱ ያደላል። ያደላለትን ነው ያልተቀበለው። ባሪያ መሸጥንም ሲያወግዝ ተሽጦ አያውቅም ነበር። ዋሻ ውስጥ ያሰበው ሁሉ ከአንዲት አገልጋይ ጋር እንዴት ማዕድ እንደሚቀርብ ባይነግረው ኖሮ፣ ሁለት ዓመት ከብርድ ተጠለለ እንጂ ተፈላሰፈ አልልህም ነበር።

እንግዲህ ስለ ኅብረተሰብ ከመናገርህ በፊት ዛሬ ማታ ሳህንህን ራስህ እጠብ። ትስቃለህ፤ ሳቅ። ግን እጠብ። ሳምንት ሳይሞላ «ወንድ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» የሚልህ ሰው ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምትሰጠው መልስ የመጀመሪያው የፍልስፍና ፈተናህ ነው።

2. የምትነቅፈውን ነገር አስቀድመህ እወቀው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንተ «ባህላችን ጥያቄ አይወድም» ትላለህ። የትኛው ባህላችን? የተወለድክበትን የአርሲን አገር ባህል ማን አስተማረህ? ሲንቄን ታውቃለህ? ሙዚየም ውስጥ የሚሰቀል ዱላ ይመስልሃል መሰለኝ።

ሲንቄ እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ያለ አግባብ ሲመታ፣ ይልቁንም አራስ ቤት ሳለች እጁን ሲያነሳባት፣ ጎረቤት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይወጣሉ። እልልታው የደስታ አይደለም። ልጁን፣ ከብቱን፣ ምድጃውን ትተው ነው የሚወጡት፤ አገሩ ያለ ሴት ይቀራል። ወንዶቹ ሽማግሌ ልከው፣ ጥፋተኛው ካሣ ከፍሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሴቶቹ ሲመርቁ ነው ነገሩ የሚያበቃው። ሁለት ወገኖች ጦር ተማዘው ሲቆሙ ሴቶች በመሃል ሲንቄ ይዘው ከገቡ ደግሞ የሚያልፍ ወንድ አይኖርም፤ ቢያልፍ ነውር ነው። ይህ ምንድን ነው? ኅብረተሰብ ራሱን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። መጽሐፍ አልተጻፈለትም እንጂ በደልን ከጓዳ አውጥቶ አደባባይ ላይ ያቆማል።

ገዳ የሚባለውን የኦሮሞ ሥርዓትም እንዲሁ እይ። ሥልጣን ላይ ያለው ወገን ስምንት ዓመት ሲሞላው ለተረኛው ያስረክባል። ቦረና ውስጥ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ የሚባል ጉባኤ ላይ ተሰብስበው ሕጉን ያያሉ፣ የጎደለውን ይጨምራሉ፣ ያረጀውን ይጥላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዳን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር እዚህም ከተማ ተጨብጭቧል። እኔ ግን ያጨበጨቡትን ሁሉ እንዲህ ብዬ ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር፦ እናንተ የምትመሩት ማኅበር ሊቀመንበሩን የቀየረው መቼ ነው?

ገዳና ሲንቄ ጉድለት የለባቸውም አልልህም። ሲንቄ ላገባች ሴት እንጂ ላላገባችው አትሰጥም፤ ይህን ጠይቅ። በገዳው አደባባይ ሴቶች የት ነበሩ? ይህንም ጠይቅ። ግን ዐውቀህ ጠይቅ። የማታውቀውን ስትነቅፍ የሰው ነቀፋ እየደገምክ ነው፤ ድግምቱ ከአያትህ ቢመጣም ከፈረንጅ መጽሐፍ ቢመጣም ድግምት ነው።

3. መርቅነህ አትፈላሰፍ። በርጫ ላይ ዓለም ሁሉ ግልጽ ይሆናል፤ መንግሥት ይለወጣል፣ ሃይማኖት ይታረማል፣ ከተማው ይታነጻል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ሐሳቡም አብሮ ይወርዳል፣ ጠዋት የሚቀረው ድካም ነው። በጫት ብቻ የምትመረቅን እንዳይመስልህ፤ በጭብጨባም ሰው ይመረቅናል፣ ስልክ ላይ በሚቆጠር «ላይክ»ም ይመረቅናል። ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን የጻፈው ከዋሻው በወጣ ማግስት አይደለም። ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ያውም ተማሪው ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው። አንተ የትናንት ማታ ሐሳብህን ዛሬ ጠዋት ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለህ። ወረቀት ላይ ጻፈው፣ አንድ ወር አስቀምጠው፣ ከዚያ አንብበው።

4. ጥያቄው የራስህ ከሆነ መልሱን ተውሰህ አትምጣ። ይህን ስነግርህ ድምፄ ትንሽ ቢጠነክር አትቀየመኝ።

አንተ የምትሄድበት የእርሻ ማሳ ዱሮ የማን እንደነበር አባትህን ጠይቀው። የአርሲ መሬት ብዙው ርቀው በሚኖሩ ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ያረሰው ጭሰኛ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያገባ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ማዳበሪያ አመጣ፣ ምርጥ ዘር አመጣ፣ ስንዴው በረከተ። ስንዴው ሲበረክት ግን ባለመሬቱ አሰበ፦ ትራክተር እያለ ጭሰኛ ምን ያደርግልኛል? ስንቱን ከአባቱ ጎጆ አስነሳው። ለድሃ የመጣ ልማት ድሃውን አፈናቀለ። ተማሪ ነበርኩ፤ የተጫነ ዕቃ፣ በላዩ የተቀመጡ ልጆች፣ ኋላ የምትከተል ላም በመንገዱ ሲያልፉ አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል አባቶቻቸው ባለርስት የሆኑ ነበሩ። የአባታቸውን ጎተራ ነው የጠየቁት። በቁጥር አንድ የነገርኩህን በአደባባይ አደረጉት፤ እኔ ለዚያ ትውልድ ባርኔጣዬን የማነሳው ለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። ያን ቀን የነበረውን ደስታ ያላየ ሰው ስለ ነጻነት ሲያወራ ብዙም አልሰማውም።

ከዚያስ? ጥያቄው ከዚህ አፈር የበቀለ ነበር፣ መልሱ ግን ታሽጎ መጣ። ሞስኮና ፔኪንግ የታተሙ ቀጫጭን መጻሕፍት፣ የሌኒን፣ የማኦ። ከተማሪዎቹ የወጡት ድርጅቶች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው ያነበቡት። አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብበው፣ አንዱ ሌላውን ከሃዲ ብሎ ተገዳደሉ፤ ሥልጣን የያዘው ደርግ ደግሞ ሁለቱንም በቀይ ሽብር ፈጃቸው። ትናንት ንጉሡን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ዛሬ የድርጅቱን መመሪያ «ለምን?» ማለት ወንጀል ሆነበት። ጓደኞቼ እዚያ ውስጥ አለቁ። ስለ ድፍረታቸው አልከራከርም፤ ካንተም ከኔም ይበልጡ ነበር። መጠየቅ ያቆሙበትን ሰዓት ግን ልብ በል፦ መልስ አገኘን ያሉ ዕለት ነው።

ከሜክሲኮ ወይም ከሌላ አገር የመጣ የስንዴ ዘር እንኳ ዝም ብሎ ለገበሬ አይታደልም፤ ኩሉምሳ የምርምር ጣቢያ ላይ ይዘራል፣ ዋግ ይመታው እንደሆነ ይታያል፣ የተረፈው ነው የሚባዛው። ኒቼንም ማርክስንም አንብብ፤ አንብብ እንጂ! ከዚያ አንተም እንደ ጣቢያው ሞክረው፦ ሐሳቡ በእናትህ ቤት፣ በዚህ ገበያ፣ በዚህ ጎረቤት መካከል ሲዘራ ምን ያበቅላል?

5. ቁጥር ያዝ። «ሠርጋችን አባካኝ ነው» ማለት ወሬ ነው። ድንኳኑ ስንት፣ በሬው ስንት፣ መኪናው ስንት፣ ከማን ተበደሩ፣ ብድሩን ለመክፈል ምን ሸጡ ብለህ ደብተር ላይ ስትጽፈው ጥያቄ ይሆናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ያነበበ ሰው ይህን ይማራል። ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የሠራ፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ያየ ሰው ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ ላይ ድል ያደረገች አገር ለምን ደኸየች ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም በፉከራ ሳይሆን በንግድ ሚዛን ፈለገው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ነጻነቱ ስስ እንደሚሆን የጻፈው፣ ሁሉም ሰው በድሉ በሚኮራበት ዘመን ነው። ልብ በል፣ የተቸው የሚወደውን አገር ነው።

እድሩንም በዚሁ ደብተር መዝነው። በወር የምታዋጣው ስንት ነው? አባትህ ሲሞት (ዕድሜውን ያርዝመው) ድንኳን፣ ወንበር፣ ቀባሪ፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝን ሰው ገዝተህ ብታመጣ ስንት ያወጣል? ሒሳቡን ሠርተህ ከጨረስክ በኋላ እድር የኋላ ቀር ነገር ነው ካልከኝ እሰማሃለሁ።

6. የምትወደውን መጽሐፍም ጠይቅ። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ስለወደድኩት በጭፍን እንድትቀበለው አልፈልግም። መጽሐፉ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቅጂውን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል፣ በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ አገር የኖረ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው፤ ለፈረንሳዊው ሰብሳቢ ለዳባዲ ላከለት። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ይህን የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው ብሎ ተነሳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የለም፣ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ጌታቸው ኃይሌ፣ ግእዝን ጠንቅቀው ካወቁ ሊቃውንት አንዱ፣ ቀድሞ ተጠራጥረው ነበር፤ በስተርጅና እንደገና መርምረው ሐሳባቸውን ለወጡ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ይህን ስትሰማ ቅር ይልህ ይሆናል። እንደ ሌላው ሰው አንተም «ከዴካርት ጋር በአንድ ዘመን የኛም ፈላስፋ ነበረ» ብለህ መኩራት ትወዳለህ። ኩራቱም የሚጠቅምህ ልማድ ነውና ጠይቀው። የሁለቱን ወገን ማስረጃ አንብበህ አንተ ራስህ ፍረድ። እኔ ወደ ኢትዮጵያዊነቱ አደላለሁ፤ የትርጓሜ ቤት ሽታው፣ የዳዊቱ አጠቃቀም ወደዚያ ይጎትተኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውል፦ ባልና ሚስት እኩል ናቸው የሚለው ሐሳብ እውነት ከሆነ፣ የጻፈው ማንም ይሁን ማን እህትህ ላይ ያለህን ግዴታ አያቃልልልህም። ሐሳብን በጻፈው ሰው አገር መመዘን የሰነፍ ሚዛን ነው።

7. ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳታውቅ አትግዛ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ያሳደገን አገር ነው። አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴ በ15ኛው መቶ ዘመን ስግደት ለፈጣሪ እንጂ ለንጉሥ አይገባም አሉ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት ተከታዮቻቸው ከንጉሥ ጉልት አንፈልግም፣ በላባችን እንበላለን ብለው ኖሩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የፈላስፋው ሞክሼ፣ ግብራቸው ግን አይገናኝም) አሠሯቸው፣ አስገረፏቸው፣ አካላቸውን አስቆረጧቸው፣ በድንጋይ አስወገሯቸው። አባ እስጢፋኖስም እስር ላይ ሞቱ። ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» በሚል አሳትመዋል። ፈልገህ አንብበው፤ ሌሊት ግን አታንብበው፣ እንቅልፍ ይነሳሃል።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል፣ ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል ይባላል፤ ይህን ተረት ለፈሪ ምክር አድርገው ይነግሩሃል። እኔ እንደ ዋጋ ዝርዝር አንብበው እልሃለሁ። እነዚያ መነኮሳት ዋጋውን አውቀው ከፈሉ። አንተ ግን ዋጋ በማያስከፍለው ቦታ ጀግና ነህ፦ እናትህ ላይ ትጮኻለህ፣ ቀበሌ ስትሄድ ግን ጠረጴዛው ፊት እጅህን አጣምረህ ትቆማለህ። ድምፅህን እዚህ ቀንሰህ እዚያ ትንሽ ጨምርበት።

ስትጠይቅም ሰው አታዋርድ። በኦሮሞ ዘንድ ሳፉ የሚባለውን ታውቃለህ፤ በታላቅና በታናሽ፣ በሰውና በሰው፣ በሰውና በተፈጠረው ሁሉ መካከል ያለ የተገባ ነገር፣ የማይሻገሩት ክብር። ሳፉ አትጠይቅ አይልም። ሽማግሌ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ተበዳይም ይናገራል፣ ወጣትም ይናገራል፤ ተራውን ጠብቆ፣ የተናገረውን ሰው ሳያቋርጥ። አንተ ባለፈው አባትህን በእንግዳ ፊት «አልገባህም» አልከው። ጥያቄህ ትክክል ነበር። ያን ቀን ግን ቤቱ ውስጥ ጥያቄህን የሰማ ሰው የለም፤ ሁሉም ስድብህን ነው የሰማው።

8. ሁሉን ማፍረስ ነጻነት አይመስለኝም። መርምረህ ያቆየኸው ልማድ ካፈረስከው እኩል ያንተ ነው። የሚጾም ጎረቤትህ ለምን እንደሚጾም አስቦ ከጾመ፣ የምትሰግድ ጎረቤትህም አስባ ከሰገደች፣ ሰው ሳቀብኝ ብሎ ጾሙን ከተወው ወጣት ይልቅ ነጻ ናቸው። ስለ ራሱ ስለ ዘርዓ ያዕቆብም አንድ የሚያከራክር ነገር አለ፦ እንፍራዝ ሲኖር በሰው ፊት እንደ ክርስቲያን እየኖረ በልቡ ግን የመረመረውን ብቻ እንደሚያምን ጽፏል። ፈሪ ነው የሚሉት አሉ። እኔ አልፈርድበትም፤ ሚስትና ልጅ ይዞ፣ በሃይማኖት ሰው በሚገደልበት ዘመን ነው የኖረው። አንተ ግን ያ ዘመን ላይ አይደለህም። በየትኛው ነገር ዝም እንደምትል፣ በየትኛው እንደምትናገር ቁጭ ብለህ ለይ፤ ለይተህ ዝም ማለትና ሳታስብ ዝም ማለት ለየቅል ናቸው።

9. ሙያ ያዝ። ይህ ከፍልስፍና ጋር ምን አገናኘው ትላለህ። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ላይ የበላው በእጁ ጽሕፈት ነው፤ መጽሐፍ እየገለበጠ፣ ልጅ እያስተማረ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የንጉሥን ጉልት አንቀበልም ማለት የቻሉት ራሳቸው እያረሱ ስለበሉ ነው። የሰው እንጀራ እየበላህ የሰውየውን ሐሳብ መጠየቅ ይከብዳል። የማይቻል አይደለም፣ ግን ይከብዳል፤ ዛሬ አባትህ ኪስ እጅህን ከተህ ማታ «የአባቶች ሥልጣን» ላይ ትከራከራለህ፣ እሱም ይህን ያውቃል፣ ስለዚህም ነው ፈገግ የሚለው።

ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው። ዲፕሎማህን ይዘህ የመንግሥት ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ አይበቃህም? አጎትህ ወፍጮ ቤቱ መዝገብ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ሚዛን ማየት፣ ብር መቀበል፣ ማታ ሒሳቡን መዝጋት ነው ሥራው፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም ጉምሩክ ላይ ከዚህ ብዙ የራቀ ሥራ አልሠራም። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ነግሬዋለሁ፣ ይጨምርልሃል። ሰኞ ገበያ ስላልሆነ ሰው አይበዛም፤ ሰኞ ጠዋት ሄደህ አነጋግረው። መጽሐፍህንም ይዘህ ሂድ፣ የአንዱ እህል ተፈጭቶ የሌላው እስኪደርስ ጊዜ አለህ። ከደመወዝህም የመጀመሪያውን የእድር መዋጮ ራስህ ክፈል፤ ከከፈልክ በኋላ ስብሰባው ላይ ተነስተህ የምትጠይቀው ነገር ካለህ እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።